ሁለት መሐላ ያሰረው ሲኒማ ቤት

እኛ ዘንድ ሰው የሚጣላው በመከባበር ነው። ሌላው አገር ሰው «የኔ ነው፣ የኔ ነው» እያለ ሲናከስ የእኛዎቹ «ያንተ ነው፣ ወላሂ ያንተ ነው» እያሉ ነው የሚናከሱት። ሚኒባስ ውስጥ «እኔ ነኝ የምከፍለው» እየተባባሉ ረዳቱን መካከላቸው አስገብተው ሲያንገላቱት ስንቴ አይቻለሁ። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ሲባባሉ በር ላይ ቆመው ወጡ የቀዘቀዘበትን ድግስም አውቃለሁ። ይኼ አመል ሠርግ ቤትና ታክሲ ላይ ሲሆን ያስቃል። ሲኒማ ቤት ላይ ሲወጣ ግን እኔን ነው መሐል ላይ ያገኘኝ፣ እኔም አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ከአንድ ክርስቲያን ባልንጀራቸው ጋር ኮምቦልቻ ላይ ሲኒማ ቤት ሠርተው ነበር። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮ ክዳን፣ የእንጨት ወንበር፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ በቃ ይኸው ነው። አባቴ የደሴ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ሸዋ በር ሱቅ የከፈቱ ሰው ነበሩ። ባልንጀራቸው ደግሞ የኩታበር ገበሬ ልጅ ሆነው ኮምቦልቻ ወርደው አናጢ የሆኑ። አባቴ ማሽኑንና ፊልሙን ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ፣ ባልንጀራቸው ወንበሩን በእጃቸው ይሠራሉ። ያኔ ምን ይባል ነበር ብትሉኝ፣ ምንም አይባልም። በሩ ላይ «ሲኒማ» ብቻ ተጽፎ ነበር። ሌላ ስላልነበረ ስም ማን ቸገረው።

ከዚያ ዘመን ተገለባበጠ። አዳራሹ ተወሰደባቸው፣ የእህል መጋዘን ሆነ። ኋላ ሲመለስላቸውም እነሱ አርጅተው፣ ሰዉም በየቤቱ ቴሌቪዥን አስገብቶ ስለነበር መጋዘንነቱ ቀጠለ። ሰሊጥና ማሽላ ሲከማችበት ስንት ዓመት ኖረ። የአባቴ ባልንጀራም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብለው አረፉ፤ ድርሻቸው ለልጃቸው ተላለፈ። ይኼ ልጅ ስል ዕድሜው ከእኔ እኩል ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፣ ጠጉሩ ሸብቷል። እኔ ሽርካዬ ነው የምለው። አብረን ያደግን፣ አረፋ ሲሆን እኛ ቤት፣ ፋሲካ ሲሆን እነሱ ቤት የምንውል ሰዎች ነን።

አባቴ አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል። ዓይናቸውን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክመው ደህና ያያሉ፤ የደከመው ልባቸው ነው። አንድ ቀን የአስር ሶላት ሰግደው ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ፣ ያ አዳራሽ ተከፍቶ አንድ ቀን ገብቼ ብቀመጥ ደስ ይለኝ ነበር አሉኝ። አባቴ እንዲህ ብለው የሚለምኑ ሰው አይደሉም። ሻይ ስኳር ቢያንሰው እንኳ ጨምሪልኝ አይሉም፣ ዝም ብለው ይጠጡታል። ሐኪሙም በዚያው ሰሞን ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ልታሳያቸው የምትፈልጊው ነገር ካለ አታሳድሪው ብሎኝ ነበር። እኔ እንግዲህ ሐጃዬ፣ ጉዳዬ፣ ይኸው ብቻ ሆነ። አባቴ በሕይወት እያሉ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እንዲቀመጡ። ሌላው ሁሉ፣ ሲኒማ ያዋጣል አያዋጣም፣ የኮምቦልቻ ወጣት ከስልኩ ቀና ይላል አይልም፣ እሱ የአላህ ሥራ ነው ብዬ ተነሣሁ።

ሱቄን ለእህቴ ልጅ አስረክቤ ከደሴ ኮምቦልቻ መመላለስ ጀመርኩ። ሰሊጡን ማስወጣት፣ አይጡን ማባረር፣ የዘመመውን ቆርቆሮ መቀየር፣ መብራት መዘርጋት፣ አዲሱን ፕሮጀክተር መስቀል፤ በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት ላቤ እየተንጠባጠበ። የድሮዎቹን ወንበሮች ሽርካዬ አንድ በአንድ አስጠገነ፤ አባቱ የሠሯቸውን አልጥልም ብሎ። ሁሉም እሺ አለኝ። አይጡ እንኳ እሺ አለኝ። እምቢ ያለኝ ስሙ ነው።

ፈቃድ ልናወጣ ስንሄድ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ የድርጅቱ ስም ማን ይባላል አለችን። ጨዋ ልጅ ናት፣ ጥፋት የለባትም። ስም ሳይኖረው ፈቃድ አይወጣለትም፣ ፈቃድ ሳይወጣ ደግሞ በሩ አይከፈትም። ነገ ይዘን እንመጣለን አልኳት። የዋህ ነበርኩ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእኛ መልአክ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ መኪና ተበላሽቶበት ቀርቷል መሰለኝ። የሰማ ሁሉ ስም ይዞ ይመጣል። የእህቴ ልጅ የፈረንጅ ስም ካልሆነ ወጣቱ አይገባም አለችኝ። ጎረቤቴ «አብሽር» በሉት አለች፣ የገባ ሁሉ እንዲጽናና። ጸጉር አስተካካዩ ሳይጠየቅ ከሱቁ ወጥቶ፣ የኳስ ቡድን ስም ቢሆን ይሻላል አለኝ። እኔ ራሴ ቦርከና ብዬ ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር። ወንዙ እዚያው ነው፣ ማንንም አያጣላም፣ እስላምም ክርስቲያንም እግሩን ታጥቦበታል። ሽርካዬን ጠየቅኩት፣ ሐጂ ከተስማሙ እኔ ምን አለብኝ አለ። ሐጂ የሚለው አባቴን ነው። በቃ ተገላገልኩ ብዬ ደሴ ወጣሁና ለአባቴ ነገርኳቸው።

አባቴ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ቦርከና ወንዝ ነው» አሉኝ። «ወንዝ አዳራሽ አልሠራም። በባልንጀራዬ ስም ይጠራል። ወላሂ፣ የእሱ ስም ካልተጻፈበት እግሬ አይገባበትም።»

እኔ እኮ ደስ አለኝ! አባት ለሟች ባልንጀራው ስም ሲቆረቆር ማን ይጠላል። እንኳን እሱን፣ ከዚያም በላይ ቢሉ እጽፍላቸው ነበር። በማግስቱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ወረድኩና ሽርካዬን ከሱቁ አስጠርቼ የምሥራች አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። ኮፍያውን አወለቀ። ሐጂ በሕይወት ተቀምጠው፣ ሐሳቡም ጥረቱም የእሳቸው ሆኖ፣ የእኔን አባት ስም ልጽፍበት? ሰው ምን ይለኛል? ሽማግሌው ሲደክሙ ጠብቆ ነጠቃቸው አይለኝም? አለኝ። ኧረ ማንም አይልህም፣ ራሳቸው ናቸው የጠየቁት ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። አማተበና ማለ።

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ ከሐጂ ስም በቀር ሌላ ስም አይወጣበትም።»

እንግዲህ ተመልከቱልኝ። አንዱ በአላህ፣ አንዱ በአባቱ አጥንት። አዳራሹ የሁለቱ ነው፤ ያለ ሁለቱ ፊርማ ፈቃድ የለም። የባልንጀራቸው ስም ካልተጻፈ አባቴ አይገቡም፣ ከተጻፈ ሽርካዬ አይፈርምም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ የደከምኩት አባቴ ገብተው እንዲቀመጡ ነው። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይላሉ። ሲከባበሩም ሳሩ ያው ነው፣ ከእኔ ጠይቁ።

ሁለቱንም ስም እንጻፍ አልኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ። አባቴ፣ የእኔ ስም እዚያ ምን ይሠራል፣ ሙት ከሕያው ጋር ምን ያጋፋዋል አሉ። ሽርካዬ ትንሽ ላላ ብሎ፣ የሐጂ ስም ከላይ፣ የአባቴ ከታች በትንሹ ከሆነ ላስብበት እችላለሁ አለ። ይህን ለአባቴ ሳደርስ ተቆጡ፣ ከታች በትንሹ? ሰውዬው ሎሌዬ ነበር እንዴ አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ ምን ላድርግ? ወደ ኮምቦልቻ ተመልሼ የአባቴን ቁጣ ሳደርስ ሽርካዬ ዕንባው መጣ፣ አየሽ የሐጂን ደግነት፣ እንዲያውም አሁንማ ጭራሽ አይሆንም አለ። ቆሽቴ አረረ። እነሱ በየቤታቸው ተቀምጠው ደግነት ይላላካሉ፣ ተሸካሚዋ እኔ ነኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዓይኔን ጨፍኜ እስካውቀው ድረስ ወጣሁ ወረድኩ።

የመስጊዳችን ሸኽ ጋ ሄድኩ። መሐላ ማስፈታት ይቻላል፣ ድሆች አብልቶ ከፋራ መክፈል ነው አሉኝ። ነፍሴ መለስ አለች። ወጡን እኔ እሠራለሁ፣ ድሆቹንም እኔ እጠራለሁ፣ እርስዎ እሺ ይበሉ ብቻ አልኳቸው ለአባቴ። ከፋራ በመሐላው ለተጸጸተ ሰው ነው፣ እኔ አልተጸጸትኩም አሉኝ። ሸኹን ልጨምርባቸው ብዬ ቤት ባመጣቸው ነገሩን ከሥሩ ሰምተው ከአባቴ ጋር ሆኑ። ሽርካዬ በበኩሉ የነፍስ አባቱን አማከረ። እሳቸው ደግሞ ሽማግሌ ማክበር ትእዛዝ ነው፣ ደግ አደረግህ ብለው መርቀውት ሄዱ። ሁለቱም የሃይማኖት አባት በየፊናቸው ልክ ናቸው፣ ልክ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። ከእስላሙም ከክርስቲያኑም፣ የተከበሩ፣ ደም ያስታረቁ፣ ድንበር የለዩ ሰዎች። ለእስላሙ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ ለብቻ አርጄ፣ ምሳ አብልቼ፣ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ። አንዱ ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ መከባበር ዛሬ የት ይገኛል፣ ይህን ለልጆቻችን ማስተማር ነው አሉ። ሌላውም፣ ሌላውም ይህንኑ አሉ። ከዚያ ሁለቱንም ሰዎች አመሰገኑ፣ እኔን መረቁኝ፣ ዱዓ አድርገው ወጡ። ስሙስ? ስሙን አንዳቸውም አላነሡትም። ሳህኑን እያነሣሁ ብቻዬን ስቄያለሁ፤ ሳቅ ከተባለ።

ቀድሜ ያዘዝኩት የሰሌዳ ጸሐፊ በየቀኑ ይደውላል። ሰሌዳውን ነጭ ቀብቶ፣ ዳሩን በሰማያዊ አስውቦ፣ መሐሉን ባዶ ትቶ ግድግዳ አስደግፎታል። ምን ልጻፍ እናቴ ይለኛል። ዝም ብለህ ጠብቅ እለዋለሁ። ፈቃድ የምትሰጠው ልጅም መንገድ ላይ ስታገኘኝ ስሙ አልተገኘም እንዴ ትለኛለች፣ የጠፋ ልጅ ይመስል።

በዚህ መሐል የአባቴ እግር ማበጥ ጀመረ። ትራስ ደርበው ካልሆነ መተኛት አቃታቸው። ከመኝታ ወደ ሳሎን ለመምጣት ሁለቴ ያርፋሉ። ሐኪሙ መድኃኒት ለወጠና እኔን አየት አደረገኝ። ሱቅ ገብቼ ጨርቅ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሞት አይደለም ያስለቀሰኝ፣ ሞት የአላህ ነው። በሩ ተዘግቶ ወንበሩ ተጠግኖ ቆሞ፣ ለአንድ ስም ብለው ሳይቀመጡበት መቅረታቸው ነው ያንገበገበኝ።

ሽርካዬ መታመማቸውን ሰምቶ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው መጣ። አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ ሳይገናኙ ቀርተው አይደለም። ሽርካዬ በየጊዜው ይመጣል፣ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል፣ ይጨዋወታሉ። ስለ ስሙ ግን አንድ ቀን እንኳ በአንድ ቤት ውስጥ ከአፋቸው ቃል አልወጣም። ፊት ለፊት እምቢ መባባል ነውር ነዋ! እምቢታው በእኔ በኩል ነው የሚሄደው። ያን ዕለትም እንደ ልማዳቸው ጤና ተጠያየቁ፣ የልጅ ልጅ ተጠያየቁ፣ ከዚያ ስለ ገራዶ ዝናብ አወሩ። አንዳቸውም ገራዶ ላይ ማሳ የላቸውም። ስለ ዝናቡ ግን አንጀት በሚያርስ ሁኔታ ተወያዩ። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ጥርሴን ነክሻለሁ።

ሽርካዬ ሊሄድ ተነሣ፣ የአባቴን ትከሻ ስሞ ወጣ። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ እባክሽ ሐጂን አሳምኚልኝ፣ ጤናቸውም ሳይብስ አለኝ። ከውስጥ ደግሞ አባቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ንገሪው ልጄ፣ እምቢ አይበለኝ ይላሉ። አንዱ በግራ ጆሮዬ፣ አንዱ በቀኝ ጆሮዬ። አንድ ነገር ናላዬ ላይ ወጣ። የሽርካዬን ኮት በእጄ ያዝኩና ጎትቼ ወደ ሳሎን መለስኩት፤ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩት።

«ንገሪው የለም፣ ንገሪያቸው የለም» አልኩ። «እኔ ደክሞኛል። ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ፣ ሁለታችሁም አፍ አላችሁ። ተነጋገሩ።»

አባቴ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። አፉ ይበሉኝ ልላቸው ነበር፣ አላልኩም። በሩን ዘግቼ ቆምኩበት። ሽርካዬ ምንጣፉን እያየ፣ ተንተባተበና፣ ሕያው ተቀምጦ የሙት ስም አይቅደም ብዬ ነው እንጂ፣ እርስዎን ለመቃወም አይደለም፣ አባቴም ቢሆን ከመቃብር ተነሥቶ ይቆጣኛል አለ። አባቴ አቀርቅረው ሰሙት። ቀና ሲሉ ፊታቸው የማላውቀው ፊት ሆነብኝ።

«ልጄ» አሉት፣ «አባትህን አልቀበርኩትም።»

ከዚያ ነገሩት። ባልንጀራቸው ያረፉበት ወቅት መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ የነበረበት ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በመኪና አንድ ሰዓት በማትሞላ መንገድ፣ ባልንጀራቸው ታመው፣ ሞተው፣ ተቀብረው አባቴ አልሰሙም። መንገዱ ተከፍቶ ሲወርዱ ድንኳኑ ተነሥቷል፣ ሰዉ አልቅሶ ወጥቶለታል፣ ቤቱ ተጠራርጓል። ምሳ አቀረቡላቸው። በሉ። እኔ አብሬያቸው ነበርኩ፣ አስታውሳለሁ፤ ስንመለስ አልተናገሩም፣ መንገዱ አድክሟቸው ነው ብዬ ነበር። ለካ አልቅሶ የጨረሰ ቤት ውስጥ ብቻዬን ባለቅስ ሐዘናቸውን እቀሰቅስባቸዋለሁ ብለው ውጠውት ነው የወጡት። ባልንጀራዬን የገነዘው ሌላ፣ የተሸከመው ሌላ፣ እኔ ደሴ ተቀምጬ ሻይ እጠጣ ነበር አሉ።

«አፈር አላለበስኩትም። ሬሳው ፊት አልቆምኩም። ከእንግዲህ የማደርግለት ሌላ ነገር የለኝም። ስሙን ተውልኝ።»

ሽርካዬ ከፍራሹ ወርዶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ጉልበታቸው ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የስድሳ ዓመት ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ቆይቶ ፊቱን በእጁ ጠረገና፣ የአባቴ አጥንት ከወጋኝም ይውጋኝ፣ ስሙ ይጻፍ አለ። አባቴ ራሱን ዳበሱት። ስለ መሐላው ሌላ ቃል አልተነገረም።

እኔ፣ ላልዋሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ሱብሃነላህ! ይቺን አንዲት ነገር ለእኔ ለልጃቸው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ስንት ቀን፣ ስንት መንገድ፣ ስንት ምሳ! የሆዳቸውን ሳላውቅ ነበር ያን ሁሉ ነገር ተሸክሜ የተመላለስኩት። ወጥቼ ግቢው ውስጥ ቆምኩ። ሙዙን ይዤ ወጥቼ ኖሮ፣ ቆሜ አንዱን ላጥኩና በላሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ውሃ ሆነ። ሁለቱም ፈረሙ፣ ልጅቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የሰሌዳ ጸሐፊው የሰውዬውን ስም በትልልቅ ፊደል፣ ከሥሩ «ሲኒማ» ብሎ ጻፈ። ያማረ ጽሑፍ ነው። እሑድ ከሰዓት ይከፈታል ተባለ፣ የኮምቦልቻ ሰውም ወሬው ደርሶት ኖሮ በሩ ላይ ተኮለኮለ።

አባቴን በመኪና ቀስ ብለን አወረድናቸው። ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው። ያውልቁት ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሰሌዳው ሥር ሲደርሱ ቆሙ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ፊደሉን አንድ በአንድ አነበቡ። ሽርካዬ በሩ ላይ እንደ ልማዱ ይቅደሙ አላቸው። ከሱ ጋር ሙግት ይገጥማሉ፣ እዚህም ልንቆም ነው ብዬ ልቤ ጥፍት አለ። አልተሟገቱም። ቢስሚላህ ብለው በቀኝ እግራቸው ገቡ። እኔ ያንን እግር ሳይ ግድግዳውን ያዝኩ።

መሐል ላይ አስቀመጥናቸው። ሽርካዬን ከጎናቸው አስቀመጡት። አዳራሹ ሞላ፣ ወጣቱ ፋንዲሻውን ይዞ ይሳሳቃል፣ እኔ መብራት የሚያጠፋውን ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ። ዘወር ስል የአገሩ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ እየመጡ አባቴን እጅ ይነሣሉ፣ ከዚያ አይስቁም፣ አያወሩም፣ አጠገባቸው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። የባልንጀራቸውን ስም ጠሩ፣ አላህ እንዲምራቸው ለመኑ። እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን አለ። ወጣቶቹም ነገሩ ባይገባቸውም ፋንዲሻ ማኘካቸውን ተዉ። አባቴ ወደ ሽርካዬ ዞረው፣ አላህ ያጽናህ ልጄ አሉት። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው አለቀሱ። ሽርካዬም አለቀሰ።

እኔ አባቴ የተምታታባቸው መሰለኝ። ጠጋ ብዬ፣ አባ፣ ዛሬ እኮ ምረቃ ነው፣ ፊልሙ ሊጀምር ነው አልኳቸው። መብራቱ ጠፋ። ስክሪኑ በራ። አንዲት ልጅ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ ሻንጣዋን ስትጎትት አየሁ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ሥዕሉ ያምራል። የደከምኩበት ነገር በመጨረሻ ዓይኔ ፊት ሲንቀሳቀስ ደስ አለኝ። አባቴ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

እንሂድ አሉኝ። ኧረ አባ፣ ገና አሁን እኮ ነው የጀመረው አልኩ። አሁንም እንሂድ አሉ። ይኼን ሁሉ ዓመት ቆይተው፣ ይኼን ሁሉ አስለፍተውኝ፣ ትንሽ እንኳ አያዩም? አልኳቸው፤ ድምፄ ሳይሰማ አልቀረም፣ ከፊት ያሉት ዞር አሉ።

«ፊልም ለማየት የመጣሁ መሰለሽ?» አሉኝ። «ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት። ደረስኩ።»

በጨለማው ደግፈናቸው ወጣን። ፀሐዩ ዓይን ያሳውራል። ሽርካዬ እስከ መኪናው ድረስ ሸኛቸው፣ በሩን ከፈተላቸው፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ቀብር ላይ ባለሐዘኑ ለሕዝቡ የሚለውን ነው ያላቸው።

«ሐጂ፣ አባቴን ቆመው ስለቀበሩልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁና ገቡ። ሐረጎን ስንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ያቺ ልጅ ሻንጣዋን ይዛ የት እንደምትሄድ እያሰብኩ፣ እየተናደድኩ፣ ዕንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ደሴ ስንደርስ ብርዱ ጀምሯል። አባቴ ከመኪና ወርደው ደጃፉ ላይ ቆሙና ውሃ አምጪ አሉኝ። ይግቡ፣ ውስጥ ይታጠባሉ፣ ይበርድዎታል አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ጆጉን ይዤ ወጣሁና አፈሰስኩላቸው። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም። ቀስ ብለው ታጠቡ፣ ከዚያ ገቡ።